ሰዓት ያዡ

አዳራሹ ሞቋል፣ ማራገቢያው ጠፍቷል፤
ካርታው በፕላስተር ግድግዳ ላይ ወጥቷል።
አቶ ቡሪሶ ቆመው፣ መነጽር አውልቀው፣
ያንን ትልቅ ነገር ሁላችንን ጠይቀው፦
«የመኪና እሽቅድድም፣ በመሀል ከተማ፣
ይቻላል? አይቻልም? ሐሳብ እንስማ።»

እኔ የስፖርት መምህር፣ በጡረታ ያለሁ፣
ፊሽካና ሰዓቴን ይዤ ተጠርቻለሁ፤
ከኮሚቴው ሁሉ አበል የሌለኝ፣
«ሥራህ ቁልፍ መጫን ነው» ብለው የነገሩኝ።

ኢንጂነር ናሆም ጣቱን ካርታው ላይ አስኬደ፦
ከፍቅር ሐይቅ ተነሣ፣ ወደ ገብርኤል ሄደ፣
ፒያሳን ሰንጥቆ መናኸሪያ ታጠፈ፣
አቶቴን በጥፍሩ ዳር ዳሩን አለፈ፣
ሪፈራል በር ደርሶ ዞሮ ተመለሰ፤
ጣት ነዳጅ አይፈልግ፣ ፍሬን አልበጠሰ።

«ጉብታውስ?» አለ አንዱ። «ይነሣል።» «ጉድጓዱ?»
«ይሞላል።» «ባጃጁስ?» «ይከለል መንገዱ።»
«አባ ኮዳስ?» አልኩኝ፤ አዳራሹ ሳቀ።
እኔ ግን የምሬን ነው፤ ማን እሱን አወቀ?
ያ ራሰ በራ ወፍ፣ ዓሣ ሆድ ጠባቂ፣
በጥሩምባ አይደነግጥ፣ በፊሽካ አይነቃ፤
አስፋልቱ መሀል ላይ ቀን ሙሉ ቆሞ ነው፣
ከተማዋን ለእኛ ያከራየን እሱ ነው።

ከሪፈራል የመጣች ነርስ ወረቀት ጻፈች፦
«በዚያን ቀን አምቡላንስ በየት ያልፋል?» አለች።
ወረቀቷ ዞራ፣ ሰብሳቢው እጅ ገብታ፣
ከሻይ ብርጭቆ ሥር ቀረች ተረስታ።

ውጭ ላይ ሌዳሞ ወሬውን ሲሰማ
ባጃጁን አስቀባ፦ ነበልባል ከጎማ፣
ከጎኗ ቁጥር ዘጠኝ። «እመዘገባለሁ!»
«ሦስት እግር አይፈቀድም» ተባለ። «አውቃለሁ፤
አራተኛው» አለ «ወኔዬ ነው፣ ይቆጠር!»
ሳቁና አስወጡት። ቀለሙ አልደረቀም ነበር።

እሑድ ማለዳ ላይ መንገዱ ተዘጋ፣
ለልምምድ ብቻ፣ ገና ሳይነጋጋ።
ሠላሳ ዓመት ኖሬ እንዲህ አላየኋት፤
ዘምባባው ሲንሿሿ ሐዋሳን ሰማኋት።
ሐይቁ ከአጥር ማዶ ሲተነፍስ ሰማሁ፤
አንድ ብስክሌት የለም። እውነት ለመናገር፣ ፈራሁ።

የሙከራው መኪና ከአዲስ አበባ ወጥቶ
መቂ ላይ ቆሟል አሉ፣ ራዲያተሩ ፈልቶ።
ጠበቅን።
አባ ኮዳዎቹ ከዛፍ ወርደው መጡ፣
መነሻው መስመር ላይ ተሰልፈው ቆሙ።

ድንገት ከሐይቁ በኩል፣ ገመዱን በጥሳ፣
አንዲት ባጃጅ ከነፈች፣ አቧራ ለብሳ።
ቁጥር ዘጠኝ ናት! የሌዳሞ ነበልባል፤
ፖሊሱ ፊሽካውን አፉ ውስጥ ረስቶታል።
ከኋላ ወንበር ላይ ብርቄ ተጋድማለች፣
የእናቷን ነጠላ በጥርሷ ነክሳለች።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ የለመደች ጣቴ
ሳላዛት ተጫነች፤ ጮኸች ሰዓቴ።

ሰዉ በየአጥሩ ሥር ቆሞ አጨበጨበ፤
አባ ኮዳ ሳይቀር ክንፉን ሰበሰበ፣
ዘወር አለ፤ በዐይኔ!

በሬዲዮ «ገባች!» ሲል የሪፈራሉ ልጅ፣
ላብ አጥልቆት ነበር ሰዓት የያዝኩበት እጅ።
አምስት ደቂቃ ከዐሥራ ሁለት ሰከንድ።
በሌላ ቀን ግማሽ ሰዓት ነው ያ መንገድ።

መኪናው ከሰዓት መጣ። አምሮበታል፣ ያበራል፤
ዞረ፣ ፎቶ ተነሣ፣ ዛሬም ይወራለታል።
ሰዓቱን ያዝኩለት። ቁጥሩን አላስታውስም።

ሰኞ ተሰበሰብን። ሪፖርቱ ተሰማ፤
«ያለ እንከን» ይላል። ማንም አልታማ።
ሌዳሞ ተቀጥቷል፣ ገመድ በመበጠስ፤
ደረሰኙን አሳየኝ ከጣቢያ ሲመለስ።

«እና ትችላለች ወይ?» አሉ አቶ ቡሪሶ፣
ዐይናቸው ሰዉን አልፎ እኔ ጋ ደርሶ።
«ትችላለች» አልኩኝ። «ምስክር ነው ዐይኔ።
ክብረ ወሰኑን ግን በማን ስም ልጻፍ እኔ?»
ወንበር ተንቋቋ። ሰው አልመለሰልኝ።
በራሴ ደብተር ላይ፣ በእርሳስ፣ ጻፍኩልኝ፦
«ቁጥር ዘጠኝ። መነሻ፣ በሐይቁ በኩል።
ነጂው ሌዳሞ። ተሳፋሪ፣ ሁለት ተኩል።»

ውድድሩ እስካሁን «በጥናት ላይ» ነው አሉ።
ገመዱ ስቶር ገብቷል፣ እንደነበር ውሉ።
የነርሷ ወረቀት ዛሬም ጠረጴዛው ላይ ነው፤
ሻዩ ክብ ማኅተም አትሞበት ሄዷል።