ስም የሌለው አዝራር

ገጹን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ልናገር።
የጀልባ ትኬት ነው፣ ከቪርትሱ ወደብ እስከ ሙሁ ደሴት ዳር።
ሰማያዊ ቀባሁት፣ ማዕበል ሣልሁበት፣
ያየው ሰው በሙሉ "እሰይ!" እንዲልበት።
አለቃዬ ሣቀ፣ ደመወዝ ጨመረ፤
ባልቲክም በዚያ ወር በረዶ ጋገረ።

አንድ ማክሰኞ ጧት ሌይዳ መጣች ቢሮ፤
ፒያኖ ቃኚ ናት፣ ዓይኗ ከልጅነት ጀምሮ
ብርሃን አያውቅም። በትሯን አጣጥፋ
ወንበር ሳበችና፣ ስክሪኑ በአንድ ቁልፍ ጠፋ።
"ተቀመጥ" አለችኝ፣ "ዓይንህን ተወውና ስማ።"
የማሽኑ ድምፅ ወረደ፣ ያለ ዕረፍት፣ ያለ ዜማ፦

"ሊንክ። ሊንክ። ምስል። ሊንክ። ምስል። አዝራር።
ስም የሌለው አዝራር። ስም የሌለው አዝራር።"
አርባ ሰባት ቆጠርሁ፣ ቃል ሳልናገር።
ያን የኮራሁበት፣ ሌሊት የሣልሁት
"ምስል ሦስት ሺህ ስምንት" ሲባል ሰማሁት።
ጣቷ ገብቶ ቀረ ከቀን መቁጠሪያው፤
ለማውስ ብቻ ነበር የሠራሁት መውጫው።

"ስልክ አለን" አልኋት፣ "ቢቸግርሽ ደውዪ።"
"ለሰው ሁሉ በር፣ ለኔ ደወል?" አለች።
"አየህ" ብላ ቀጠለች፣ በቃሏም ራሷ ሣቀች፦
"ጥቁሩ ቁልፍ ከነጩ ከፍ ብሎ የቆመው፣
ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት ሆኖ የተሰደረው
ለጌጥ እንዳይመስልህ፤ ጣቴ የሚያነበው
እሱን ነው። አንተ ግን ሰማንያ ስምንቱን
ጉብታቸውን ሁሉ በመላጊያ ልገህ
'በይ ተጫወች' አልኸኝ፣ ሰጥተህ ሣንቃውን።"

መልስ አልነበረኝም።

ማታ ማውሱን ነቀልሁ፣ ስክሪኑን ሸፈንሁ ባንገት ልብሴ፤
በሠራሁት ቤት ውስጥ በር አጣሁ ለራሴ።
ወደቡ የት እንዳለ፣ ዋጋው የት እንዳለ
የሚጠቁመኝ አንድ ምልክት የለ፤
ትልልቅ ፊደል እንጂ ርዕስ አልነበረም፣
ቀለሙ "ተጫነኝ" ይላል፣ ለጆሮ አይናገርም።

አራት ሳምንት ፈጀ። ርዕስ አንድ፣ ከሥሩ ርዕስ ሁለት፣
ከአናቱ "ወደ ዋናው ዝለል" የምትል አጭር ድልድይ፤
ለየአዝራሩም ስም፣ እንደ ክርስትና አባት
ቆሜ አወጣሁላቸው፦ "ቀን ምረጥ"፣ "ተሳፋሪ"፣ "ክፈል"።
ማዕበሉንማ በሃያ ቃል ገለጽሁት፣
ግራጫውን፣ አረፋውን፣ ጧት ጮራ ሲያርፍበት።

ትናንት ጻፈችልኝ፦ "ትኬቱን ገዛሁ፣ በሦስት ደቂቃ።
የደሴቱ ትምህርት ቤት ፒያኖ ይጠብቀኛል፣ ክሮቹ ላልተዋል።
ማዕበሉን ግን ዝም አሰኘው፤
እሱን ከጀልባው ላይ እሰማዋለሁ።"

ዝም አሰኘሁት።

ዛሬ ዓርብ ነው። የመመለሻው ትኬት አዝራር
እስካሁን ስም የለውም፤ ረስቼው ነበር።
እሑድ ትመለሳለች።
ግጥሙ ይቆየኝ።