ቁልቁል ወረፋ

በሁለት ታክሲና ባንድ ባጃጅ ጉዞ
ገላን አደረሰኝ ደላላው ናቲ ይዞ።
ቀለሙ የረገፈ፣ ቧንቧው ዝገት ያለቀሰ ብሎክ።
«ያረጀ ነው» አልኩት። «ቢያረጅስ ጋሼ?
ለወጣት አይሸጡም፤ አጣራሁት እኮ ሦስቴ ተመላልሼ።»

ጡረተኞች ናቸው፣ ማኅበር መሥርተው፣
ሕጉን በቀይ ቀለም ከበር ላይ የጻፉ፣ ፊደሉን አስውበው፦
«ስልሳ አምስት ያልሞላው ገዝቶ አይገባም።
ኳስ አይመታበትም። ሞተር አይቆምም።
ከሦስት ቀን በላይ የልጅ ልጅ አያድርም።»

ዋጋው ረከስ ያለው አራተኛ ፎቅ ስለሆነ።
ሊፍት የለ፤ ስልሳ አራት ደረጃ፤ ሁለቴ አቆመኝ፣ ጉልበቴ ለመነ።
ገንዘቡ የሸዋረገድ ነው፣ ያሥራ ስምንት ዓመት ዕቁቧ፤
ደረጃ ስትጠላ የኖረች፣ ምድር ቤት ነበር ሐሳቧ።

እኔ ያውራ ጎዳና ቀያሽ ነበርኩ። «ከዚህ የመንገድ ነው» ብዬ
ካስማ የተከልኩ በሰው ማሳ፣ በሰው ቀዬ።
ለራሴ ግን ሜትሬን ገና ዛሬ ዘረጋሁ፤
ሠላሳ ስምንት ካሬ የተባለው ቤት ሠላሳ ሰባት ተኩል ሆኖ አገኘሁ።
ግማሿ የት ሄደች? ናቲ ትከሻውን ነቀነቀ፤
«ልስኑ ይሆናል ጋሼ፤ ግድግዳው ወፈረ፣ ክፍሉ ተጨናነቀ።»

ከማድቤቱ በር ጎን፣ በርሳስ የተጻፈ፣
የሟቹ የጋሽ ውቤ እጅ ነው፦ «ረቡዕ ውሃ መጣ።
ቅዳሜ ሳይመጣ አለፈ።»
ከዚያ «ረቡዕ» ብቻ። የቀረው ነጭ ልስን።
ሰው ከዚህ ቤት እንዴት እንደሚለቅ የገባኝ አሁን።

ኮሚቴው ከደረጃው ሥር ተቀምጧል። ሃምሳ አለቃ ቱፋ፣ መነጽሩን በክር ያሠረ፣
መታወቂያዬን አይቶ በጣቱ ደመረ፤ ቀነሰ፤ ደመረ።
«ስልሳ ሁለት። ሦስት ዓመት ይቀርዎታል።»

ስልሳ ሰባቴ ነው። ግን ጡረታን ፈርቼ፣ ልጆቼ ሳይደርሱ፣
በምላጭ ፍቄአለሁ አምስቱን ከማኅደሬ፤ አለቆቼም አልከሰሱ።
ወጣት ነኝ እያልኩኝ ስምል የኖርኩ ሰውዬ
ዛሬ ልለምን ነው «አርጅቻለሁ» ብዬ።

«ምስክር አለዎት?» «ያሳደጉኝ ሞቱ።»
«የክርስትና ወረቀት?» «አብሮ ነደደ፣ ሲቃጠል ቤቱ።»

ወይዘሮ አስካለ፣ ሊቀመንበሯ፣ የጥንት ስልከኛ፣
መስመር እንደሚያገናኝ ሰው ጎንበስ አሉ ወደ እኛ፦
«መኪና ከግራ ወደ ቀኝ የዞረ ለት
የት ነበሩ?»

«ራስ መኮንን ድልድይ ጋ» አልኩ፣ «አባቴ እጄን ይዞኝ ቆመን።
እንደ ወትሮው ወደ ቀኝ ተመለከተ፤ መኪናው በግራ መጣብን።
መንጭቆ መለሰኝ፤ አንድ ጫማዬ አስፋልቱ ላይ ቀረ፤
እሱ ሲስቅ ሰነበተ፤ የኔ ክንድ ግን ሳምንት ሰነበረ።»

«የትራፊኩ ፉጨት ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ ነው» አለ ሃምሳ አለቃ፤
መታወቂያዬን መለሰልኝ። ጉዳዩ በዚያው አበቃ።

አንድ ሕግ ግን አልተጻፈም፤ በቃል ነው የሚነገር፦
አዲስ ገቢ ሁሉ ከአራተኛ ፎቅ ይጀምር።
ከታች ሰው ሲለቅ፣ ከላይ ያለው አንድ ፎቅ ይወርዳል፤
ካርታ አይነካም፣ ቁልፍ ብቻ ይለዋወጣል።
ምድር ቤት የደረሰውን «ተሾመ» ይሉታል በሹክሹክታ።
ጋሽ ውቤ ሁለቴ ተራው ደርሶት እንቢ ብሏል፣ ለየረር ጋራ እይታ።
ከምድር ቤት ቀጥሎ ስላለው ወረፋ
የጠየቀ የለም። እኔም አልጠየቅሁም።

ናቲ ኮሚሽኑን ቆጥሮ፣ ባጃጅ ጠርቶ ሄደ።
ወጣሁ፤ ዛሬም ሁለቴ ቆሜ።
ረቡዕ ነበር። ቧንቧውን ከፈትኩት፤
አየር ብቻ ሳለ፤ ቆይቶ ዝገት፤ ቆይቶ ውሃ ወጣ።
ከጋሽ ውቤ «ረቡዕ» ጎን በርሳሴ ጻፍኩ፦ «መጣ።»