አርባ ቀን ለዋንዛ

ነሐሴ ነው ጅማ። ቆርቆሮው አልተኛም፤
ያሰጣሁት ሸሚዝ በሦስት ቀኑ አልደረቀም።
ከአዌቱ ማዶ ጉሙ ተጎትቶ ይመጣል፣
በሱቄ በር ገብቶ፣ ከመላጊያው ጎን ይቀመጣል።
እኔ ግን መንገድ ላይ ነኝ፣ ቢያንስ በሐሳቤ፣
ካላንደሩን ገልጬ፣ ጥርን በእርሳስ ከብቤ።

ልጄ ረውዳ ጅግጅጋ ናት፤ ውኃ ቢሮ ትሠራለች፤
ቀኑን ምድር ስታስበሳ ትውላለች።
ዝናብ ያሳደጋት ልጅ፣
እግሯ ከጭቃ ወጥቶ የማያውቅ ልጅ፣
ዛሬ ሁለት መቶ ሜትር ወርዳ
ለአንድ ባልዲ ውኃ ደጅ ትጠናለች፣ በድንጋይ ጓዳ።

"አባ፣ በብርዱ ና" አለችኝ፣ "በጥር፣
ሰማዩ ጥርት ሲል፣ አቧራውም ሲያጥር።"
በረሃ ሲባል ቆላ ነበር እኔ የማውቀው፤
ይሄኛውን ማን ሰገነት ላይ ሰቀለው?
ደግሞ ብርድ አለው? አልኳት። ሳቀች።
"ቀን ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፤
ሌሊት ውኃው በባልዲ ውስጥ ጥርስ ያወጣል።
ጋቢ ያዝ። ቅባትም ያዝ፣ ከንፈርህ ይሰነጠቃል።"

ከንፈር ብቻ በሆነ!

ስትሄድ በርጩማ ሰጥቻት ነበር፤ ሦስት እግር፣ ከአንድ ግንድ፣
ዋንዛ፣ አባቴ እንዳስተማረኝ፣ ያለ ሙጫ፣ ያለ ገመድ።
ባለፈው ፎቶ ላከች፣ የሌላ ነገር ፎቶ፣
የአዲስ መጋረጃ፤
ጥግ ላይ ግን አየሁት፣ መቀመጫው ተከፍቶ፣
የጣት ስፋት፣ ከዳር እስከ ዳር፣
ፌስታል ተጠቅጥቆበት ነበር።
አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኋት።
መጋረጃው ያምራል፣ ብዬ አመሰገንኋት።

ጥፋቱ የኔ ነው። የጅማን እንጨት
ዝናቡን ጠጥቶ፣ ጠግቦ እንዳበጠ
ደረቅ አገር ላክሁት። ትንሽ ታገሠ፣ ከዚያ ሆዱን ገለጠ።

ዕቅዱን በጣውላ ላይ በእርሳስ አሰፈርኩ፤
ከመናኸሪያ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት፤ ጎህ ሲቀድ ግቤን ተሻገርኩ፤
ወልቂጤ ምሳ፤ አየር ጤና፣ ከአክስቴ ልጅ ዘንድ ማደር፤
በነጋታው አዋሽ፣ ጭሮ፣ ሐረር፤
ባቢሌ ላይ ድንጋዩን ማየት፣ እንዴት አይወድቅም?
"ካራማራን ካለፍክ" አለች፣ "ዛፍ አትጠብቅ፣ የለም።"
ዛፍ ከሌለ አናጢ ምን ይሠራል?
ሻይ ጠጥቶ፣ ሜዳ አይቶ ይመለሳል።
አምስት ቀን፣ ብዬ ጻፍኩ። አሰመርኩበት።
የአባ ዲጋ ቁምሳጥን አለ፣ ሰርግ ደርሶበት።

ትናንት ሌሊት ግን ዝናቡ ሲያባራ
አንድ ነገር መጣልኝ።
ያለቀ በርጩማ አልይዝም። ግንዱን ራሱን፣
ከነቅርፊቱ፣ ከነእርጥበቱ፣ እንዳለ፣
በጆንያ ጠቅልዬ ከአውቶቡሱ ጣሪያ።
እሷ ቤት፣ ጥላ ሥር ይቀመጥ፤ አገሩን ይልመድ፤
ንፋሱ ቀስ እያለ ላቡን ይጥረግለት፤
መሰንጠቅ ካለበት፣ ሳልነካው ይሰንጠቅ።
የተረፈውን እዚያው እፈለፍላለሁ፣
እሷ ከሥራ ስትገባ እያየችኝ።

ለዚህ ስንት ቀን ይበቃል?
አባቴ ቢሆን አርባ ይል ነበር።
እኔ እንጃ። ለትንሽ ግንድ ሃያም ያልፋል፣ ደረቅ አገር።
ግን እንጨት ሲቸኩሉት ይቀየማል።

ደወልኩላት። "እኔማ ሥራ አለብኝ" አልኳት፣
"እንጨቱ ነው። አርባ ቀን ይፈልጋል፣
ምን ላድርግ፣ አስገደደኝ።"
ዝም አለች። በዝምታዋ መሐል ንፋስ ሰማሁ፣
ደረቅ፣ በር የሚያንገጫግጭ።
የአናጢ ልጅ ናት እኮ፤ በፍቅፋቂ ላይ ድክ ድክ ያለች።
ታውቃለች።

"ዋንዛ ከሆነ" አለችኝ ቆይታ፣
"አርባ ይበቃዋል?"

ስልኩን ዘግቼ መላጊያዬን አነሣሁ፤
አምስት የምትለዋን ከጣውላው ላይ ላግኋት።
ተጠቅልላ ወደቀች፣ ከነመስመሯ፣
ከእግሬ ሥር፣ እርጥብ።