የቃሬዛው ስፋት

ኮምቦልቻ ይሰፋል፤ እኔም እሰፋለሁ።
እሱ ቀን በግሬደር፣ እኔ ሌት በመርፌ፤
እሱ ዳር ይገፋል፣ እኔ ዳር እቀመቅማለሁ፤
ጎህ ሲቀድ ወጣለሁ፣ ከእንቅልፍ ተኳርፌ።

ፈረቃው አብቅቶ ቦርከናን ስሻገር፣
በግራዬ ጭስ ነው፣ በቀኜ ማሽላ፤
የጎፍ ከነጉሙ፣ ዝም ብሎ እንዳባጋር፣
በሁለት ባላንጣ መሐል፣ ሳያዳላ።

አባቴ ሙሄ ማማው ላይ ነው፣ ወንጭፉ በእጁ፤
ጅጊርቲ ሲያፈራ ከሰማይ ይዘንባል ወዳጁ።
የፋብሪካው ሳይረን መጮህ የጀመረ ሰሞን፣
ወፉ ሁሉ በርሮ ነበር፣ ትቶልን ማሽላውን፤
«መንግሥት ወፍ ጠባቂ ቀጠረልን» ብሎ
ሳምንት ሙሉ ተኛ፣ ወንጭፉን ሰቅሎ።
በስምንተኛው ቀን ሳይረኑ እየጮኸ ወፏ ቁርሷን በላች።
«ጩኸት ትለምዳለች» አለ፤ «ጠጠር ግን እስካሁን አልለመደች።»

በጥቅምት ቀያሽ መጣ፣ ባለ ሦስት እግር መነጽር አዝሎ።
ዐሥራ ሰባት ችካል ቸከለ፣ አናታቸውን ቀይ ቀብቶ፣
ከእብሬ አጥር እስከ ፈንታዬ ጎመን ጓሮ ድረስ።
በማግስቱ ብንቆጥር፣
አንዱ ላይ የጦይባ ፍየል ታስራ ታመሰኳለች፤
ሁለቱ ካስማ ሆነው የሰርግ ዳስ ወጥረዋል፤
አንዱን ማንም አላየሁም ይላል፤
የአንድ ሰው የጓዳ ጭስ ግን ቀለም ቀለም ይሸታል።

ቅሬው ተሰበሰበ፣ ከሾላው ግርጌ፣
ሸሁም ቄሱም ባንድ አጎዛ።
የኛ ሰው ክርክሩ ረዥም ነው፣
ከፀሐይ ጋር ይዞራል፣ ጥላ እየገዛ።
መሸጥ የሚሻም አለ፤ አንደብቅም።
የእብሬ ልጅ ተነሥቶ
«አንድ ጥማድ መሬት አንድ ባጃጅ ይወጣዋል» አለ።
ማንም አልሳቀበት፤
ሒሳቡን ሁላችንም በሆዳችን ሠርተነው ነበር።

በኅዳር ቀያሹ ተመለሰ፣ ወረቀቱን ዘረጋ፦
«መንገዱ ብቻ ይቅርላችሁ ካላችሁ፣ ልኩን ንገሩኝ። ስንት ሜትር ነው?»
አባቴ ከማማው ወረደ፣ ጠጠሩን ከጉያው ሳያራግፍ፦
«የኛ መንገድ ልኩ ሜትር አይደለም፣ ቃሬዛ ነው።
አራት ሰው ተሸክሞ፣ አራት ሰው ሊቀበል ጎን ለጎን የሚሄድበት፣
በሬ ድንገት ከመጣም፣ ቆሞ አስከሬን የሚያሳልፍበት።»
«እሱ ስንት ነው?»
ማንም አያውቅም።
ስንት ሰው ሸኝተንበት፣ አንዴም አልለካነውም።

ያን ጊዜ ከአንገቴ ሜትሬን አወረድኩ፤
ሳልፈታው ነበር ከሥራ የመጣሁ።
ቃሬዛው ከመስጊዱ ጀርባ ወጣ።
ጦይባ ግን «ባዶ ቃሬዛ ሰው ይጠራል!» ብላ ተቆጣች፤
ስለዚህ ሦስት ነዶ ጤፍ ጫንበት።
ስምንት ሰዎች ተሰለፉ፤
የእብሬ ልጅም አንዱን ጫፍ ያዘ፣ ማንም ሳይጠራው።
በሬ ከጎረቤት ተጎትቶ መጣ፣
የተጠራበት ነገር ሳይገባው፣ ነዶውን እያሸተተ።
ተንበርክኬ ለካሁ፣
ከቅንጭቡ አጥር እስከ ቅንጭቡ አጥር፦
ሦስት ሜትር ከሰማንያ።

ቀያሹ ጻፈው።
በእርሳስ ነው የጻፈው።

ይጸድቅ አይጸድቅ ምኑን አውቃለሁ።
ዛሬም ኮምቦልቻ ይሰፋል፣ እኔም እሰፋለሁ።
ማሽኑ ያስተማረኝ አንድ ነገር ቢኖር፣
ክር የተበጠሰ ለት ከብጣሹ አይጀመር፤
ሦስት ስፌት ወደ ኋላ፣
ከጠናው ላይ፣ ካልላላው፣
ከዚያ ነው መርፌው የሚወርድ፣
ከዚያ ነው የሚያያዘው።

ድልድዩ ላይ ቆሜ ሳዳምጥ ንጋቱን፣
ሳይረኑ ጮኸ፤ የቀኑ ፈረቃ ከፈተ በሩን።
ከማሽላው ወዲያ ደግሞ
ወንጭፍ ሲያፏጭ ሰማሁ።
አንድ ወፍ ተነሣ።