ጉሮሮ ላይ የቀረ

ማክሰኞ ማታ ነው፤ ሃደርስሌቭ ይዘንባል፤
የመምህራችን የጌሼ ጃንጥላ በሩ ሥር ይንጠባጠባል።
"ሁን" አለች በእርጋታ፤ "ይህ ቃል 'እሷ' ነው፤
አሁን ደግሞ ስሙ።" ያንኑ "ሁን" ደገመችው፤
መጨረሻው ላይ ብቻ ትንፋሿን ያዘችው፣
ክር በጥርሱ እንደሚበጥስ ልብስ ሰፊ ቆረጠችው፤
"ይህ ደግሞ ውሻ ነው።"

ተራዬ ደረሰ፤ "እሷ መጣች" ልል ብዬ
ውሻ ጎትቼ ገባሁ፣ በገዛ ጉሮሮዬ።
የእኔ አገር "ቀ" እና "ጠ" ወደ ውጭ ነው የሚፈነዳ፤
የዚህ አገር ትንፋሽ ውስጥ ይቀራል፣ እንዳልተከፈለ ዕዳ።

"ሁልጊዜ እንዲህ ነበር?" አልኳት። ጠመኔዋን አስቀመጠች።
"ጥንትማ ቋንቋችን ድንጋይ ላይ ነበረች፤
ይሊንግ ሄዳችሁ እዩ፤ በመሮ ተወቅራ፣
ሺህ ዓመት ዝናብ ጠጥታም ያገሯን ስም ስትጠራ።
በመርከብ ተጭና ሄዳ፣ ከእንግሊዝ ሰፈር አድራ፣
'የነፋስ ዓይን' የሚል ስም ትታ መጣች ለመስኮት፤
እስከ ዛሬ በእሱ ያያሉ ውጩን፣ ማን እንዳበደራቸው ረስተውት።

"ከዚያ ጦርነት መጣ፤ ተሸነፍን።
መሬቱ ሳይነቃነቅ ድንበሩ ግን ተራመደ፤
በላያችን አልፎ ወደ ሰሜን ሄደ።
ቦቲላ፣ የአያቴ እናት፣ ከነቤቷ ማዶ ቀረች፤
ከጓሮዋ ሳትወጣ የሰው አገር ገባች።

"ልጇ ኒስ ትምህርት ቤት 'ዳቦ' አለ፣ በእናቱ ቃል፣ ሲርበው፤
መምህሩ እጁን በልምጭ መትቶ በጀርመንኛ አስጠራው።
ባንዲራውም ተከልክሏል፣ ቀይ ላይ ነጭ መስቀል፤
አንዱ ገበሬ ቀይ አሳማ አረባ ይባላል፣
ወገቡ ላይ ነጭ መቀነት የታጠቀ የሚመስል፤
ፖሊሱ አጥር ይዞ ቀረ፤ አሳማ በምን ሕግ ይከሰሳል?

"ኒስ አደገ፤ በማያውቀው ንጉሥ ስም ሶም ወንዝ ዘመተ፤
ለእናቱ ሊጽፍ ቢቀመጥ እርሳሱ በጣቱ ዋተተ።
የእናቱን ቋንቋ መናገር እንጂ መጻፍ ማን አስተምሮት?
የመምህሩን ፊደል ወስዶ የእሷን ድምፅ አጎረበት።

"ቦቲላ ገልጣ አየችው፤ ቃሉ ሁሉ ጠማማ፤
የማንም ቋንቋ አይመስል፣ ከዓይን የማይስማማ።
ጮክ ብላ ስታነበው ግን፣ ወጥ ቤቷ ውስጥ ብቻዋን፣
ድንገት ልጇ ተናገረ፦ 'ላሟ ወለደች? ካልሲ ላኪልኝ፤
አደራ ግን፣ የሚኮሰኩሰውን አይሁን፣ ግራጫውን።'

"ሌላ ደብዳቤ አልመጣም።

"በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ በየካቲት፣
ሕዝቡ ይምረጥ ተባለ፤ ተሰለፈች ከጠዋት፤
ደብዳቤዋን ጉያዋ ይዛ ድምጿን ሰጥታ ተመለሰች።
ጎረቤቷ ሄንሪክ ግን ሌላውን ወረቀት ነበር የከተተ፤
እሱም የእናቱን ቋንቋ ነው የመረጠ።
ማታ በሩን ዘግቶ ሲያለቅስ በግድግዳው ተሰማት፤
ሾርባ ይዛ ሄደች። ምን እንደተባባሉ አልነገረችንም፣ በየትኛው አፍ እንዳወጋት።

"ይህንንም ጻፉ" አለች ጌሼ፣ መነጽሯን አውልቃ፤
"እኛም ቆይተን ያንኑ ልምጭ ይዘን ግሪንላንድ ሄደናል።" ዝም አለች፣ ጥቂት ርቃ።
ከዚያ፦ "በቦቲላ መንደር አነጋገር ይህ የትንፋሽ ቁራጭ የለም፤
እዚያ ቃል እንደ ዜማ ይወጣል ይወርዳል እንጂ አይያዝም።
ጉሮሮ መያዝን እነሱ የተማሩት ከሰዋስው አይደለም።"

ሰዓት ሞላ። ዝናቡ አባርቷል።
ብስክሌቴን እየገፋሁ ድልድዩ ላይ ደጋገምኩት፦ ሁን። ሁን።
አንዱ እሷ ናት፣ አንዱ ውሻ። ሦስተኛውን፣ ከቤቴ ያመጣሁትን፣
ትንፋሹ ያልተቆረጠውን፣
ለዚያ ጠማማ ደብዳቤ አልኩት፣ ድምፄን ሳልውጥ፦
ሁን።