የሮቃው ዛፍ ጋ

ዬዝዲዬ የአጎቴ፣ የሊንጋያ ናት፣
አርባ ዓመት ማይሶር አቧራ ያለበሳት።
አንዲት ብረት አለቻት፤ ገልብጠው ሲረግጧት ሞተር የምትቀሰቅስ፣
ሲነሳ ዞር ብላ ማርሽ የምትመልስ።
«የድሃ ቤት ማንኪያ» ይላት ነበር አጎቴ፤
«ወጥ ታማስላለች፣ ሕፃን ታበላለች።»

መነሳት አይቸግራትም። በሁለት ማርሚታ
ሰማያዊ ጭሷን ግራ ቀኝ ተፍታ፣
የሸንኮራውን መንገድ ትይዛለች በሩምታ።
ከዚያ የሮቃው ዛፍ ጋ፣
መታጠፊያው ሲጠጋ፣
ሳል። ሳል። ዝም።
ሁልጊዜ እዚያው። አንድ ክንድ አትጨምርም።

«ዛፉ ላይ ሰው አለ፣ ዕዳውን ሳይከፍል የሞተ ጠበቃ፣
የሞተር ድምፅ ሲሰማ ከእንቅልፉ የሚነቃ።»
የባቡር ጡረተኛው ባሳቫራጁ መከረኝ፤
«ከጎማሽ ሥር ሎሚ!» እሺ፤ ምን ቸገረኝ?
ሎሚው ተጨፈለቀ።
ዬዝዲዬ እዚያው ቆመች፣ ሽታው ከጎማዋ ገና እንዳልለቀቀ።

በዝናብ እየገፋሁ ራህማቱላ ጋ ወሰድኳት።
ካንዴላዋን ፈትቶ ከብረት አስጠጋት፤
«እርገጪ!» ረገጥኩ። ብልጭታዋ ደካማ፣
ቀይ፣ የታመመ ዓይን፣ ንፋስ የመታው ሻማ።
ፑንቲናዋን በብርጭቆ ወረቀት አሸ፣
ክፍተቷን በፖስት ካርድ ጠርዝ ሲለካ አመሸ።
ሰማያዊ እሳት! ጠቅ፣ ጠቅ። «ዳነች» አለኝ።
በማግስቱ ዛፉ ጋ
ሳል። ዝም።

ቀጥሎ ካርቡራተር። ጅግለሯን በአፉ ነፋ፣
በቀዳዳዋ ሰማይን አየ፤ ንጹሕ፤ ደግሞ ለፋ፤
ተንሳፋፊዋን ጆሮው ሥር ነቅንቆ አዳመጠ፤ ቤንዚን አልጠጣችም።
እጁን ጠረገና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
«ሎሚ ሞክረሻል?»

ማታ ዛፉ ሥር፣ ብቻዬን፣ ቤንዚኗ አልቆ እንደሁ ብዬ
የሰርባቶዮዋን ክዳን ብፈታው
እስስስስ
ረጅም ትንፋሽ፣ ወደ ውስጥ የሚሳብ፣
ከወንዝ የወጣ ሰው ለመኖር የሚስበው።
ረገጥኳት። በአንዴ ተነሳች።

ክዳኑን ገለበጥኩ። መተንፈሻ ቀዳዳው፣
የክብሪት እንጨት ልክ፣ በጭቃ ተደፍኗል፤
ተርብ ቤት ሠርታ፣ ደጇን ለስናበት፣
አንዲት የሸረሪት እግር ወጥታ ቀርታበት።
ቤንዚን በጎረሰች ቁጥር አየር አይተካላት፤
ለካስ ከቤት እስከ ዛፉ ያለው መንገድ
አፍና የያዘችው የአንድ ትንፋሽ ርዝመት ነው።
እሳቷን ለካን፣ ጉሮሮዋን ጠረግን፣
ትንፋሿን የጠየቀ የለም።

በጸጉር ማስያዣዬ ጭቃውን ወጋሁት፤
የተርቧን ልጅ አላየሁም። አላየሁም ብያለሁ።

አሁን ዛፉን እናልፋለን። ራህማቱላ «ፑንቲናው ነው» ይላል፤
ባሳቫራጁ ሎሚውን ለሰው ሁሉ ያዛል።
ትናንት ግን ድልድዩ ጋ፣ በዶፍ ዝናብ መሐል፣
ሳል። ዝም።
ክዳኑን ከፈትኩ፤ አልተነፈሰችም።
ይኼኛው እሳቱ ነው።