አሥራ ሦስተኛው መስመር

ድንጋዩን ያመጡት በአይሱዙ ነው፣ ካፊያ ባለበት ማለዳ፤
ጥቁር፣ ፊቱ የለሰለሰ፣ አንድ ማዕዘኑ የተጎዳ።
ሐረጎ፣ ሦስተኛው ጥምዝ ላይ፣ ገደሉን ተደግፎ ቆመ፤
የማዘጋጃ ቤቱ ደብዳቤም መጣ፣ በሐምራዊ ማኅተም የታተመ፦
«ለስውሩ አደጋ ጣይ ጓድ መታሰቢያ። አሥራ ሦስት ስም። በግዕዝ ቁጥር ዓመቱ።
ክፍያ፦ ግማሹ ሲጀመር፣ ግማሹ ሲጠናቀቅ በወቅቱ።»

እኔ የመቃብር ድንጋይ ጠራቢ ነኝ፣ የኮምቦልቻ፤
ከጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ ጀርባ፣ የቆርቆሮ ዳስ አለችኝ ብቻ።
ጨረቃም መስቀልም እቀርጻለሁ፤ እጄ ሃይማኖት አይመርጥም፤
ስሜን አትጻፍ ያለ ሰው ግን፣ ሞቶም ቆሞም አላጋጠመኝም።

በዘጠኝ ቀን አሥራ ሁለቱን ጨረስኩ።
እንድሪስ ጉግሣ፣ በቅሎ ጫኝ። ታደገ ወልደ ሐና፣ ቄስ ነበሩ።
ሙህየ ቦጋለ፣ የመኪና ረዳት። ሁለት ወንድማማች፣ ከቦሩ።
የሌሎቹን ሥራ የሚያውቅ የለም፤
ስማቸው ብቻ፣ አቧራ ለብሶ።

በአሥረኛው ቀን አንዲት አሮጊት ከሚኒባስ ወረደች፣
ከዘራዋን ድንጋዩ ላይ አስደግፋ፣ በጣቷ መስመር ቆጠረች።
«አሥራ ሦስተኛው የማን ነው?»
«የእመት ዘነቡ ይማም።»
«እሷን ተዋት።»
«ዝርዝሩ ላይ አሉ፣ እማማ። መተው አልችልም።»
«እሷ እኔ ነኝ» አለች፤ «ደግሞም አልሞትኩም።»

ተቀመጠች፤ ጥርስ በሌለው ሳቅ ወሬዋን እየቆራረጠች፣
ደሴ ላይ፣ ለጣሊያን መኮንኖች፣ ልብስ አጥብ ነበር አለች።

«ኪስ ውስጥ የረሱትን ወረቀት፣ ውሃ ሳይነካው አወጣለሁ፤
ማንበቡን ሙህየ ይችላል፤ ሳሙና ውስጥ ደብቄ እልካለሁ።
የአንሶላው ዘዴ ግን የራሴ ነው፤ ማንም አላስተማረኝም፦
አንድ ነጭ ካሰጣሁ አንድ መኪና ይወርዳል፤ ቁጥሩን አይስቱም።
ባዶ ከሆነ ገመዱ፣ አርፈው ይውላሉ፤
ከሞላ፣ ከጦሳ ወገብ ቆጥረው፣ ሲመሽ ሐረጎ ይወርዳሉ።

«አንድ ቀን፣ ጠዋት ሁለት ሰቀልኩ። ቀትር ላይ ወሬው ተለወጠ፤
አሥራ አንድ ሆኑ። አንሶላ አለቀብኝ፤ ወገቤ በሩጫ ተቆረጠ።
ነጠላዬን፣ መቀነቴን፣ የጎረቤት ጋቢ ሳይቀር አሰጣሁ፤
ገመዱ ሞላ። ጉም መጣ። ጦሳ የለም። ደሴ የለም።
ሁለት ብለው ነው የወረዱት። ከአምስቱ አንድም አልተመለሰም።»

ዝም አልን። አንድ ተሳቢ ፍሬኑን እያስጮኸ አለፈ፣
የጭነቱ ሸራ ተበጥሶ፣ በነፋስ እየተገረፈ።

«ቁርአኑንም ወንጌሉንም ይዘን፣ ስም ላናወጣ ተማምለናል፤
እነሱ ሞተው ተፈቱ፤ እኔን ግን ቃሉ ገና ያስረኛል።
ደግሞ ስም የሚወጣው ለአራስ ነው!» ሳቀች፤ ከዘራዋን አነሣች፤
ቁልቁል የሚሄድ መኪና በእጇ አስቁማ ተሳፈረች።

ሁለት ቀን መሮዬን ይዤ፣ ባዶው ቦታ ፊት ተገተርኩ።
«ስም ካጎደልክ ሂሳብ ይጎድላል» አለ የማዘጋጃው ሰው፤ «ይጉደል» አልኩ።

በሦስተኛው ቀን፣ ከአሥራ ሁለቱ ስሞች ግርጌ፣
ከጠርዝ እስከ ጠርዝ አንድ ቀጭን መስመር ሳብኩ፣
መሃሉ ትንሽ የረገበ፣
ጫፍና ጫፉ ምስማር ላይ የታሰረ።
ሌላ ምንም።

በምረቃው ቀን ባንድ ነበር፣ ንግግር ነበር፣ ሪባን ተቆረጠ፤
እሷን ፈለግኩ፤ ከሰዉ መሃል የእሷን የሚመስል ከዘራ ታጣ።
«መስመሩ ምንድን ነው?» ይሉኛል ሹፌሮች፣ ውሃ ሊጨምሩ ሲቆሙ።
«ጌጥ ነው» እላለሁ።
ዘነቡ ያልኳችሁም ስሟ አይደለም።

ጦሳ ላይ እስካሁን የሚጠብቅ ካለ ግን፣
ጉም ሲገልጥ ያንብበው፦
ገመዱ ባዶ ነው።
ዛሬ የሚወርድ የለም።
አርፋችሁ ዋሉ።